ቤት ቢለወጥ ዕቃው አይቅር

በተማሪ ዶርም ውስጥ የማያከራክር ነገር የለም። ስለ እግር ኳስ፥ ስለ ካፌው ወጥ፥ ስለ ፈተና ፕሮግራም፥ መብራቱን ማን ተነሥቶ ያጥፋው ስለሚለው ሳይቀር እንከራከራለን። በእኛ ክፍል ግን ካለፈው ዓመት ወዲህ ሌሎቹን ሁሉ አሸንፎ የነገሠ አንድ ክርክር አለ። ይኸውም «ከኮምፒዩተር ሲስተሞች የትኛው ይሻላል?» የሚለው ነው። በመጽሐፍ ስሙ «ሥርዓተ ክወና» ይባላል፤ ኮምፒዩተሩ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ ተነሥቶ የቀሩትን ፕሮግራሞች የሚያስተናግድ፥ እርሱ ከሌለም ማሽኑ ከባዶ ሣጥን የማይሻልበት ማለት ነው። እኛ ግን እንደ ልማዳችን ባጭሩ ሲስተም እንለዋለን።

አስቀድመን ለአንባቢ የምናስታውቀው የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች አለመሆናችንን ነው። የቋንቋና የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ነን። «እንግዲያስ በዚህ ነገር እናንተን ምን አገባችሁ?» የሚለን ቢኖር፥ ምጣዱን ባንሠራውም እንጀራችን የሚጋገረው በእርሱ ነው ብለን እንመልስለታለን። የዛሬ ተማሪ የቤት ሥራውን፥ የመመረቂያ ጽሑፉን፥ ግጥሙንና የፍቅር ደብዳቤውን ሳይቀር የሚያኖረው በዚሁ ማሽን ውስጥ ነው። ያኖረውን ነገር ነገ መልሶ ማግኘት አለማግኘቱን የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

በክፍላችን አምስት ነን። አንዳችን ከጊኒር፥ አንዳችን ከአጋርፋ፥ አንዳችን ከዚሁ ከጎባ፥ ሁለታችን ደግሞ ከደብረ ማርቆስና ከወልዲያ የመጣን ነን። የሮቤ ብርድ አገር አይለይምና ማታ ማታ ሁላችንም በብርድ ልብስ ተጠቅልለን፥ አምስታችን በሦስት ላፕቶፕ ዙሪያ እንሰበሰባለን። እንደ አጋጣሚ ሆኖ ሦስቱም ላፕቶፖች የተለያየ ሲስተም አላቸው። የክርክሩም መነሻ ይኸው ነው።

የመጀመሪያው ላፕቶፕ ከታላቅ ወንድም የተወረሰ ሽማግሌ ነው። ያለበት ሲስተም ዊንዶውስ 7 ይባላል። ይህ ሲስተም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2009 የወጣ ሲሆን፥ ሠሪው ማይክሮሶፍት በእኛ አቆጣጠር በጥር 2012 ዓ.ም. ጥበቃውን አቁሞለታል። ጥበቃ ማለት ሌባ የሚገባበት ቀዳዳ በተገኘ ቁጥር ሠሪው እየደፈነ የሚልከው ጥገና ነው። ጥበቃው ቢቆምም ሽማግሌው ከሥራ አልወጣም። ባለቤቱ ማሽኑን ከፍቶ ቡና ሊጠጣ ይወጣል፤ ሲመለስ ተነሥቶ ይጠብቀዋል።

ሁለተኛው ላፕቶፕ ያገለገለ ሆኖ ከአዲስ አበባ ተገዝቶ የመጣ ነው። ዊንዶውስ 10 አለበት። ይህም ቢሆን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. መደበኛ ጥበቃው አብቅቷል፤ ለተመዘገቡ ሰዎች ብቻ እስከ ጥቅምት 2019 ዓ.ም. የሚደርስ የአንድ ዓመት ተጨማሪ ጊዜ ተሰጥቷል። «ታዲያ ወደ ዊንዶውስ 11 አሳድጉት» ይለን ይሆናል አዋቂው። ዊንዶውስ 11 ግን እንግዳን ሁሉ የሚያስገባ ቤት አይደለም። ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል፥ ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት ማከማቻ፥ ፕሮሰሰሩም የኢንቴል እንደ ሆነ በጠቅላላው ከስምንተኛው ትውልድ ያላነሰ እንዲሆን ይጠይቃል። የጓደኛችን ላፕቶፕ ስድስተኛው ትውልድ ነው። ስክሪኑ ደኅና፥ ኪቦርዱ ደኅና፥ ባትሪውም ሁለት ሰዓት የሚቆይ ሲሆን ሳይታመም ጡረታ ወጣ ማለት ነው። የባሌ ገበሬ ማረሻው ስንዴ እያረሰለት የሚጥለው አይመስለንም።

ሦስተኛው ላፕቶፕ ሊኑክስ የተጫነበት ነው። ይኸኛው ካምናው ቫይረስ በኋላ አልነሣ ብሎ ወድቆ ሳለ፥ ከጎረቤት ብሎክ አንድ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪ በፍላሽ ይዞት በመጣው ዙቡንቱ በሚባል የኡቡንቱ ቀላል ዝርያ ነፍስ ዘራበት። የሊኑክስን ታሪክ የሰማነው ያን ዕለት ነው። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1991 በፊንላንድ አገር በሄልሲንኪ ዩኒቬርሲቲ ይማር የነበረ ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የ21 ዓመት ወጣት የጀመረው ነው። ዕድሜው የእኛው ዕድሜ ነበረ። የሠራውን ሰው ሁሉ እንዲያየውና እንዲያሻሽለው በነፃ ስለ ለቀቀው፥ ከዚያ ወዲህ ከየአገሩ ብዙ ሺህ ሰው እጁን አግብቶበታል። ኡቡንቱ ደግሞ ማርክ ሻትልዎርዝ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ተወላጅ በ2004 ያስጀመረው ሲሆን፥ ስሙ በዙሉና በኮሳ ቋንቋ «ሰውነት፥ ሰብአዊነት» ማለት ነው። እስከ 2011 ድረስም ለጠየቀ ሁሉ ሲዲው በፖስታ በነፃ ይላክ ነበር።

ከሦስቱ ጋር አንድ ዓመት ኖርን። የታዘብነውም እንደሚከተለው ነው።

በዊንዶውስ የሚኖር ሰው ብቻውን አይቀርም። በሮቤም ሆነ በጎባ የኮፒና የጽሕፈት ቤቶች ሁሉ የሚሠሩት በእርሱ ነው። ቢበላሽ የሚያውቅ ይገኛል፤ መምህሩ የሚልከው ፋይል ሳይዛነፍ ይከፈታል። ዳሩ ግን የፈቃዱ ዋጋ ለተማሪ ኪስ የሚቀመስ ስላይደለ፥ በየዶርሙ የሚዞረው ከእጅ ወደ እጅ የተቀዳ ኮፒ ነው። በተቀዳው ኮፒ ውስጥ ማን ምን ጨምሮ እንደ ላከው የሚያውቅ የለም።

በሊኑክስ የሚኖር ሰው ገንዘብ አይጠየቅም፤ አሮጌውም ማሽን ቶሎ ይነሣለታል። በፍላሽ የሚዞሩት ቫይረሶች አብዛኞቹ ለዊንዶውስ የተሠሩ ስለ ሆኑ በእርሱ ላይ አይነሡም። ከዚህም የተነሣ ክፍላችን የፍላሽ ሐኪም ቤት ሆኖአል። ፎልደሩ ሁሉ ወደ ሾርትከት የተለወጠበት ተማሪ «እባካችሁ አድኑልኝ» እያለ በሌሊት ሳይቀር ያንኳኳል። ባለ ሊኑክሱ ጓደኛችን ፍላሹን ሰክቶ የተደበቀውን ፎልደር ያወጣለታል፤ ሆዱን የቆረጠውንም ባዕድ ያስወግድለታል። ክፍያው አንድ ስኒ ቡና ነው። ነገር ግን በሊኑክስ የተጻፈ ወረቀት በኮፒ ቤቱ ዎርድ ላይ ሲከፈት መስመሩ ፈርሶ፥ ሠንጠረዡ ከገጽ ወጥቶ ይገኛል። ችግር ሲመጣም የሚጠየቅ ባለ ሱቅ የለም፤ የሚጠየቀው ኔትወርክ ሲኖር ኢንተርኔቱ፥ ኔትወርክ ሲጠፋ የጎረቤቱ ብሎክ ልጅ ነው።

ከክፍላችን አንዱ «እኔ ሊኑክስ በእጄ አልነካም» ብሎ ይምላል። ምሎ ሲጨርስ ስልኩን ከኪሱ ያወጣል። ስልኩ አንድሮይድ ነው፤ አንድሮይድም የቆመው በሊኑክስ እምብርት ላይ ነው። ይህን ከነገርነው ወዲህ መሐላውን ቀንሶአል።

እስከዚህ ድረስ ነገሩ ጨዋታ ነበር። ጨዋታነቱ የቀረው ለሥነ ቃል ትምህርት ጎባ በወረድን ጊዜ ነው።

ጎባ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፥ ወደ ሳነቴ አምባ በሚያወጣው መንገድ ላይ የምትገኝ የቀድሞው የባሌ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ናት። በዚያ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር እንዳሉ ሰምተን ሄድን። እኒህ ሰው በማስተማር በኖሩበት ዘመን ሁሉ በገበያ፥ በለቅሶ ቤትና በሠርግ የሰሙትን ተረትና ምሳሌ ሲለቅሙ ኖረዋል፤ አማርኛውን በአማርኛ፥ ኦሮምኛውን በኦሮምኛ ጽፈዋል። ደብተሮቹ ዝናብ ባፈሰሰ ጣሪያ ሥር ጠፍተዋል። የቀረው በ1990ዎቹ ዓመታት በእኛ አቆጣጠር በአንድ ጽሕፈት ቤት አስጽፈው በሲዲ ያስቀመጡት ብቻ ነው። «ውሰዱት ልጆቼ፤ እኔ ዘንድ የሚከፍተው የለም» ብለው በጨርቅ የተጠቀለለውን ሲዲ ሰጡን።

የሲዲ ማጫወቻ ያለው ሽማግሌው ላፕቶፕ ብቻ ነበርና በእርሱ ከፈትን። የኦሮምኛው ፋይል ወዲያው ተነበበ። የአማርኛው ግን የላቲን ፊደል፥ ቅንፍ፥ ነጥብና የጥያቄ ምልክት ተደባልቆ የጉንዳን ሠራዊት መስሎ ወጣ። ወደ ዊንዶውስ 10 ቀዳነው፤ ያው ጉንዳን። ወደ ሊኑክስ ቀዳነው፤ ያው ጉንዳን። ዓመት ሙሉ ሲወዳደሩ የከረሙት ሦስቱ ሲስተሞች በዚህ ቀን ያለ ልዩነት እኩል ሆኑ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ኮምፒዩተር ፊደል አያውቅም፤ የሚያውቀው ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ይሰጠዋል፤ ቁጥሩን አይቶ ሥዕሉን የሚያወጣው ፎንቱ ነው። የላቲን ፊደላት ቁጥር ከቆየ ጊዜ ጀምሮ በአብዛኛው ማሽን አንድ ነበረ። ኦሮምኛ በ1984 ዓ.ም. ቁቤን የጽሕፈቱ ፊደል ስላደረገ የመምህሩ ኦሮምኛ በየትኛውም ማሽን ለመነበብ ምንም አልቸገረው። የግዕዝ ፊደል ግን ያን ጊዜ የራሱ ቦታ አልነበረውም። ስለዚህ የቀድሞዎቹ የአማርኛ ሶፍትዌር ሠሪዎች የላቲኑን ቁጥሮች እየተዋሱ፥ እያንዳንዱ በየራሱ መንገድ «ሀ»ን እዚህ፥ «ለ»ን እዚያ አስቀመጡ። ይህን በማድረጋቸው አይነቀፉም፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ በዚያን ዘመን በኮምፒዩተር አማርኛ የሚባል ነገር ባልታየ። ነገር ግን በአንዱ ፎንት የተጻፈው ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ላይ ጉንዳን ይሆናል።

ይህን ችግር የፈታው ዩኒኮድ የሚባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ነው። የግዕዝ ፊደል በዚህ መዝገብ የገባው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1999 ነው። ከዚያም ቀደም ብሎ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ የግዕዝን ፊደል በተራ የላቲን ኪቦርድ ለመጻፍ «ሴራ» የሚባለውን ዘዴ አዘጋጅተው ነበር፤ ባለ ሊኑክሱ ጓደኛችን ዛሬም አማርኛ የሚጽፈው በዚሁ ዘዴ ነው። መዝገቡ ስለ ወጣ ብቻ ግን ሲስተሙ ሁሉ ፊደላችንን አላወቀም። በ2001 የወጣው ዊንዶውስ ኤክስፒ የግዕዝ ፊደል ፎንት አብሮት አልመጣም ነበር። ማይክሮሶፍት ከሲስተሙ ጋር የአማርኛ ፎንትና ኪቦርድ አብሮ ያወጣው በ2007 በቪስታ ነው። ለሊኑክስም አቢሲኒካ የሚባል በነፃ የሚታደል ፎንት አለ፤ በአፕል ኮምፒዩተሮችም «ከፋ» የሚባል ይገኛል።

እዚህ ላይ የባሌ ልጆች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ከቪስታ ጋር የወጣው ያ የአማርኛ ፎንት ስሙ «ኒያላ» ነው፤ የተሰየመውም በኢትዮጵያ ብቻ በሚገኘው በደጋ አጋዘን ስም ነው። ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ ስንሄድ በዲንሾ በመኪና መስኮት የምናየው፥ ቀንዱ የተጠማዘዘው ባለ ግርማ እንስሳ ማለት ነው። ከዊንዶውስ 10 ወዲህ ግን ኒያላ ተፈልጎ የሚጨመር ሆኖአል፤ አማርኛውን የሚያሳየው ኤብሪማ የሚባል ሌላ ፎንት ነው። የአጋርፋው ጓደኛችን ይህን ሲሰማ «አጋዘኑ ከመስኩም ከዊንዶውሱም ሊጠፋ ነው» ብሎ አሳቀን። የተጻፈው አማርኛ ግን ፎንቱ ተለወጠ ብሎ አልጠፋም፤ ቁጥሩ የዩኒኮድ ስለ ሆነ ኤብሪማም፥ አቢሲኒካም፥ ከፋም ያነቡታል። የዩኒኮድ ጥቅሙም ይኸው ነው።

ወደ መምህሩ ሲዲ እንመለስ። ለአንዳንድ የቀድሞ ፎንቶች መለወጫ ፕሮግራም አለ፤ ለዚህኛው የሚሆን ግን አላገኘንም። ስለዚህ ፎንቱ ራሱ ያለበትን ማሽን ፍለጋ ከሮቤ እስከ ጎባ ያሉትን ጽሕፈት ቤቶች አዳረስን። «ያ ጊዜ ያለፈበት ነው፤ ፎርማት አደረግነው» ያሉን ብዙ ናቸው። በመጨረሻ አንዲት ባለ ሱቅ፥ ከአሮጌ ፕሪንተራቸው ጋር የሚስማማ ሌላ ስለ ጠፋ ብቻ ያልጣሉት አንድ የኤክስፒ ኮምፒዩተር በጥግ አቧራ ለብሶ አገኘን። ሲዲው ገባ። ጉንዳኑ ተበተነና ፊደሉ ተሰለፈ። የመጀመሪያው ገጽ የመጀመሪያ መስመር «በጎባ ከተማ የተሰበሰበ» ይል ነበር። ለትንሽ ጊዜ ከመካከላችን የተናገረ አልነበረም።

ባለ ሱቋ ሁሉንም አተሙልን፤ 64 ገጽ ሆነ። ከዚያ በኋላ ለአሥራ አንድ ማታ አንዱ እያነበበ ሌላው በዩኒኮድ እየጻፈ ገለበጥነው። ሲያልቅ በቴሌግራም ለመምህሩ ላክንላቸው። በልጃቸው ስልክ ከፍተው ካነበቡ በኋላ ደወሉና «እኔ የሞተ መስሎኝ ነበር፤ ለካስ ታስሮ ነው» አሉን። ከዚህ የሚበልጥ ቃል እኛ ልንጨምር አንችልም።

እንግዲህ ከዚህ ሁሉ በኋላ «የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ክርክር የደረስንበትን እንናገር። ሲስተም የተከራዩት ቤት ነው። አንዱ ሰፊ ሆኖ ኪራዩ ይበዛል፤ አንዱ በነፃ ሆኖ ጣሪያውን ራስህ ትጠግናለህ፤ አንዱ ዘበኛ የሌለው ሆኖ በልማድ ይኖርበታል። ባለቤቱም በፈለገ ጊዜ ውጣ ይላል፤ በ2006 ዓ.ም. ኤክስፒን፥ በ2012 ሰባትን፥ በ2018 ዐሥርን እንዳለ ማለት ነው። ስለዚህ ቤቱን ስንመርጥ ከስፋቱና ከቀለሙ አስቀድመን የምንጠይቀው «ስወጣ ዕቃዬ አብሮኝ ይወጣል ወይ?» ብለን መሆን አለበት። ዕቃችን ጽሑፋችን ነው። በአንዱ ማሽን ጽፈነው በሌላው የሚነበብ ከሆነ በየትኛውም ቤት ብንኖር አንሰጋም፤ የማይነበብ ከሆነ ግን በቤተ መንግሥት ብንኖርም እስረኞች ነን።

ማሽኑ አሮጌ የሆነበት ጓደኛ ከጡረታ ወደ ጡረታ ከሚሸጋገር ሊኑክስን ቢሞክር አይጎዳም፤ ትምህርቱ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም የሚጠይቀው ደግሞ በዊንዶውስ ቢኖር የሚያስወቅሰው ነገር የለም። ሁላችንንም የሚመለከተው ግን የሚከተለው ነው።

አንደኛ፥ ማንም ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ከማስረከቡ በፊት ፋይሉን ፈጽሞ ሌላ ሲስተም ባለበት ማሽን ላይ፥ ቢያጣም በስልኩ ላይ ከፍቶ ይመልከት። ፊደሉ ከተነበበ ነገም ይነበባል ብሎ ተስፋ ማድረግ ይችላል። ሁለተኛ፥ የትምህርት ክፍሎቻችን የአማርኛ ጽሑፍ በዩኒኮድ የተጻፈ ካልሆነ እንዳይቀበሉ ኅብረታችን ይጠይቅልን። ሦስተኛ፥ የተማሪዎች ኅብረት በሴሚስተር አንድ ቅዳሜ መድቦ፥ በሮቤና በጎባ ካሉ መምህራን፥ እድሮችና ሽማግሌዎች ዘንድ በአሮጌ ሲዲና ዲስክ የቀረውን ጽሑፍ እየተቀበልን የምንገለብጥበት ሥራ ያስጀምር። ማሽኖቹ እየተጣሉ ነው፤ ያቺ የጎባዋ ኤክስፒ የምትነሣው ስንት ጊዜ እንደ ሆነ አይታወቅም። አራተኛ፥ ይህች መጽሔታችን በማባዣ በወረቀት መውጣቷን አትተው። ወረቀትን ለማንበብ ዓይንና ብርሃን እንጂ ሲስተም አያስፈልግም፤ የመምህሩንም ጽሑፍ ከኤክስፒው ወደ ዩኒኮድ ያሻገረልን ወረቀት ነው።

ጓደኞቻችን ሆይ፥ አባቶቻችን ብራና ፍቀው፥ ቀለም በጥብጠው የጻፉትን ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ ቁጭ ብለን እናነበዋለን። እኛ ትናንት የተጻፈውን ዛሬ ማንበብ ያቃተን ትውልድ ተብለን እንዳንጠራ እንጠንቀቅ። የሲስተሙ ክርክር ማታ ማታ ይቀጥል፤ ብርዱን ያስረሳልና አንጠላውም። ቅዳሜ ግን ሲዲ ያለው ሲዲውን፥ ጊዜ ያለው ጊዜውን ይዞ ይምጣ።